ነጋዴ ሱቁን ስለሚያስረክብበት ጊዜና ከዚያ ወዲያ ስላለው ኑሮ

  

ዐረቦች ሰው ዕድሜው ገፍቶ ሥራውን ሲተው ነገሩን «ተቃዑድ» ይሉታል፤ የቃሉም ሥር መቀመጥ ነው። በአማርኛ «ጡረታ» ይባላል፤ ይህም ከመጦር የወጣ ነው። እንግዲህ አንደኛው ቋንቋ ሽማግሌው የሚያደርገውን ሲናገር፣ ሁለተኛው ሌሎች ለእርሱ የሚያደርጉለትን ይናገራል። ነጋዴ ግን ሁለቱንም ቃላት አይወዳቸውም። መቀመጥን እንደ ሕመም፣ መጦርን እንደ ውርደት ይቈጥራቸዋል፤ ስለዚህም ነገሩን ከዓመት ወደ ዓመት ሲያሻግር ይኖራል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ጉዳዩ የተቈረጠ ነው። በ1955 ዓ.ም. የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ዛሬ የሚሠራባቸው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጡ ሲሆኑ፣ መደበኛውን የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ያደርጉታል። ጊዜው ሲደርስ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሰውየውም ወደደም ጠላም ይሰናበታል። ማለዳ ከኮልፌ ተነሥቶ ወደ መርካቶ ለሚወርደው ነጋዴ ግን ይህን ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። አሠሪውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ነው። ሸሪዓም ቢሆን ለንግድ የዕድሜ ወሰን አላበጀለትም። በሱረቱል ጁሙዓ የታዘዘው እንኳ ጥሪው ሲሰማ መሸጥን ትቶ መሄድ፣ ሰላቱ ሲፈጸም ደግሞ ወደ ሲሳይ ፍለጋ መበተን ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚሰናበትበትን ቀን ራሱ መቍረጥ አለበት፤ በራሱ ላይ ለመፍረድ የሚቸኵል ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

የሽማግሌዎቹ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ለእርጅናዬ ይሆነኛል ብሎ የሚከራይ ቤት የሠራ ነጋዴ የብዙ ዓመት ድካሙን በአንድ ቀን አጣ። ይህን አይቶ ያደገ ልጅ ዛሬ እርሱ ራሱ ሸምግሏል፤ ከዕለት ሽያጭ በቀር በሌላ ነገር ባያምን አይፈረድበትም። ሱቁ እንጀራው ብቻ አይደለም። ከማለዳ እስከ ማታ ሰላምታ የሚቀርብለት፣ ስሙ የሚጠራበት፣ ቃሉ የሚከበርበት ቦታ ነው።

ታዲያ ጊዜው መቼ ነው? ብዙ ሰው «ጕልበቴ ሲደክም» ይላል። ይህ መልስ ስሕተት አለበት፤ ነጋዴ በእግሩ አይነግድምና። የንግድ መሠረቱ አማና ነው፤ ይኸውም ሚዛኑ፣ ደብተሩና ቃሉ ነው። ጕልበቱ የደከመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእውነት ሊነግድ ይችላል። የተከፈለውን ዕዳ ረስቶ ሁለተኛ የሚጠይቅ፣ ትናንት የሰጠውን ቃል ዛሬ የሚክድ ሰው ግን ሳያውቀው የሰው ሐቅ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን እዚህ ከደረሰ ጊዜው አልፎበታል። የሚያስረክብ ሰው የሚያስረክበውን ማስታወስ አለበትና፤ ትክክለኛው ጊዜ ማስታወሱ ገና ሙሉ ሳለ፣ አንደበቱም ይህ የእገሌ ነው፣ ይህ የእኔ ነው ብሎ መለየት በሚችልበት ወራት ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤቶቻችን ዘወትር የሚታየውን ነገር እንመልከት። የበኵር ልጅ ትምህርቱን በአሥራ አምስት ዓመቱ ትቶ ከአባቱ ጋር ሱቅ ይገባል። ታናናሾቹ ይማራሉ፤ አንዱ ውጭ አገር ይሄዳል፤ እኅቶቹ ይዳራሉ። በኵሩ ሃያ ዓመት ያለ ደመወዝ ይሠራል፤ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ሲያገባም አባቱ ይድረዋል፤ ሱቁም እጥፍ ድርብ ያድጋል። አባትየው «ሁሉ ያንተው ነው» ይለዋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ በምስክር ፊት አይለውም። ሲሞት ወንድሞችና እኅቶች ይሰበሰባሉ። በኵሩ «ይህን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ እነርሱም «የአባታችን ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ! ዳኛ ግን የሚያየው ማስረጃ ነው፤ ስምምነት ካልተገኘ ሱቁ የሟች ሀብት ሆኖ ለወራሾች ሁሉ ይከፈላል። ልጁ በአርባ ዓመቱ ትምህርትም ደመወዝም የሌለው ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ወንድማማቾቹም ሰላምታ ያቋርጣሉ። ጥፋቱ የወራሾቹ እንዳይመስልህ። አንዲት ቃል መናገር የከበደው አባት ነው ይህን ያወረሳቸው።

መፍትሔው በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ አባትየው ግን ጤነኛ ሳለ መምረጥ አለበት። ልጁ እስከ ዛሬ የሠራው በደመወዝ ነው ቢል፣ ያልተከፈለው ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከኑዛዜም ከውርስም ይቀድማል። ሽርካ ነው ቢል ድርሻው ይወሰናል። ሦስተኛው መንገድ ለብዙዎች የሚበጅ ይመስለናል፤ እርሱም ሙዷረባ ነው። አባት ገንዘቡን ይሰጣል፣ ልጅ ይሠራል፣ ትርፉን በተስማሙበት ልክ ይካፈላሉ። በዚህ መንገድ አባት ከአዛዥነት ወርዶ ከገቢው ሳይለይ ይኖራል፤ መጦርን የሚፈራ ሰው የራሱን ሀብት ትርፍ ሲበላ ማንም ጧሪው አይባልም።

አራተኛው መንገድ ሱቁን ፈጽሞ መስጠት፣ ማለት ሂባ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም በዚህ ነው። በገበያችን «ቀብድ» ሲባል የቅድሚያ ክፍያ ነው፤ በፊቅህ ግን ቀብድ ማለት የተሰጠውን ነገር መረከብ ነው። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ሂባ ያለ መረከብ አይጸናም። ለልጁ ሰጠሁት እያለ ቍልፉን በኪሱ፣ የገንዘብ መሳቢያውን በጕልበቱ ሥር ያኖረ ሰው ገና ምንም አልሰጠም። ሰይዲና አቡ በክር (ረ.ዐ.) ለልጃቸው ለዓኢሻ ከንብረታቸው ሃያ ወስቅ ተምር ሰጥተው ነበር፤ እርሷ ግን ቈርጣ ሳትወስደው ዘገየች። በሞት አልጋ ላይ ሳሉ፣ ብትረክቢው ኖሮ ያንቺ በሆነ፣ ዛሬ ግን የወራሾች ገንዘብ ሆኗል አሏት። እኒህ ሰው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ኸሊፋ በሆኑ ማግሥት እንኳ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሲወጡ ነው ዑመር (ረ.ዐ.) አግኝተው የመለሷቸው። የሚወዷትን ልጃቸውን ከሕጉ በላይ አላደረጓትም።

አንዱን ልጅ ለይቶ መስጠትም ሌላ ፈተና ነው። በሺር የተባሉት ሰሓባ ለልጃቸው ለኑዕማን ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር እንዲሆኑላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ለሌሎቹም ልጆችህ እንዲሁ ሰጥተሃልን ተብለው ተጠየቁ፤ የለም ባሉ ጊዜ ምስክርነቱን አላገኙም። ስለዚህ የበኵሩን የልፋት ዋጋ ለይቶ በዕዳ ወይም በድርሻ መክፈል ሌላ፣ በፍቅር ብዛት ሱቁን ጠቅልሎ መስጠት ሌላ ነው። በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ ቀን ይረሳሉ፤ «ባል አላት» ይባላል። ባል ያላት መሆኗ የአባቷን ሀብት ድርሻ አይሽርባትም። በሞት ሕመም ላይ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ እንደ ኑዛዜ ይቈጠራል፤ ከሲሶው አያልፍም፤ ለወራሽም የሌሎቹ ወራሾች ፈቃድ ካልታከለበት አይጸናም። ሆስፒታል ገብቶ ማስፈረም የሚያተርፈው ክርክር ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ባለጕዳዮቹ ሲስማሙ፣ ሂባንና ውርስን ይዳኛሉ፤ ነገር ግን ዳኛ ፊት ሳይደርሱ መጨረስ ለአባትም ለልጆችም ክብር ነው።

ከአደራዎቹ አንዱ ከቤተ ሰብ ውጭ ያለው ሠራተኛ ነው። ዕቃ ሲያወጣና ሲያገባ የሸመገለ ሰው ጌታው ሱቁን ሲለቅ ወዴት ይሄዳል? አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ለሚያቅፋቸው የግል ድርጅት ሠራተኞች ከደመወዛቸው ላይ አሠሪው 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ እንዲያዋጡ ያዛል፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን ይገባዋል። አሠሪው ይህን ሳይከፍል ኖሮ ከሆነ የራሱን ዕረፍት ከማሰቡ በፊት የሰውየውን ዕረፍት በልቶበታልና፣ ሊከፍል ይገባዋል።

ርክክቡ መቼ ይሁን ላለ፣ ዘካ የሚወጣበት ወር ከሁሉ ይመቻል እንላለን። በዚያ ወር ነጋዴ ዕቃውን ቈጥሮ፣ የሚከፈለውንና የሚከፍለውን አስልቶ ከመቶ 2.5 ያወጣል፤ ስለዚህ ሀብቱን በትክክል የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። የዱቤውን ደብተር ከልጁ ጋር ገጽ በገጽ ያንብበው፤ ባለዕዳዎቹንም አንድ በአንድ ያስተዋውቀው። ደብተሩም በሱቁ ብቻ አይቀመጥ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ያስተማረን ካለ፣ ሁለተኛ ቅጂ በቤት ያኑር።

ሱቁን ካስረከበ በኋላ ያለው ኑሮ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ በ488 ዓ.ሂ. የባግዳድን ኒዛሚያ መምህርነት ሊለቁ ባሰቡ ጊዜ ስድስት ወር ያህል ሲወላውሉ ቈዩ፤ አንድ ቀን ይቈርጣሉ፣ በማግሥቱ ያፈርሳሉ፤ በመጨረሻም አንደበታቸው ተይዞ ማስተማር አቃታቸው። ለቤተ ሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው የቀረውን አከፋፍለው ወጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ቈይተው በ499 ዓ.ሂ. በኒሻፑር እንደ ገና አስተማሩ። እንዲህ ያለ ሰው ስድስት ወር ከታገለ፣ ሱቁን የለቀቀ ነጋዴ በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ቢያጣ አይደነቅ።

አዲሱ ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ ማለዳ ማለዳ ሱቅ ሄዶ በቀድሞው ወንበሩ መቀመጥ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ፊቱን ወደ እርሱ ያዞራል፤ ልጁም በአርባ ዓመቱ እንደ ገና ተላላኪ ይሆናል። መሄዱን አንከለክልም፤ እንግዳ ሆኖ ይሂድ፣ ዋጋ የጠየቀውንም «ልጄን ጠይቀው» ይበል። ይህች ቃል ከቍልፉ ይልቅ ትከብዳለች። ሁለተኛው ስሕተት የሱቁን አዛዥነት ወደ ቤት ማስገባት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ቤቱን ያስተዳደሩት ባለቤቱ ናቸው፤ የዘይቱን ልክ፣ የሽንኵርቱን ዋጋ፣ የእንግዳውን ሰዓት የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ትናንት ማታ ብቻ የሚገባ ሰው ዛሬ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆሞ ሒሳብ ቢጠይቅ ቤቱ ይታወካል። በቤቱ ውስጥ አዲስ ገቢ መሆኑን ዐውቆ ጥቂት ወር ዝም ይበል።

ከሁሉ የሚከብደው ከዙህር እስከ ዐስር ያለው ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ገበያ የሚደምቅበት ሰዓት ነበርና። በዚያ ሰዓት ሊሠራ የሚችለው ሥራ በሰፈራችን ሞልቷል። ባል የሞተባት ሴት የሟችን ደብተር ይዛ የሚያነብላት ታጣለች። ሁለት ነጋዴዎች ስለ ተበላሸ ዕቃ ሲጣሉ የዕቃውን ዋጋ የሚያውቅ አስታራቂ ይፈልጋሉ። ቁርኣን ቤት የሚሄድ ልጅ የሐፈዘውን የሚያዳምጥለት ትልቅ ሰው ይሻል። እነዚህ ሥራዎች የነጋዴን ዕውቀት እንጂ የነጋዴን ገንዘብ አይጠይቁም። ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ግን ከተካሳሾቹ ከአንዱ ጋር ያልተዘጋ የዱቤ ሒሳብ ቢኖረው ቃሉን አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ደብተሩን አስቀድሞ ይዝጋ።