የማይታይ ግፊትና የኅሊና ግዴታ

ፈላስፋውና የሒሳብ ሊቁ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል፤ በዚህ ሕግ የሚሠራው ሥርዓት ሃይድሮሊክ ሲባል፣ በከባድ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ላይ ግፊቱን የሚሸከመው በብረት ሽቦ የተጠናከረ የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ሲላጥና ሽቦው ሲዝግ፣ የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ የሚወረወረው ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ መካኒክ ፍሳሹን በእጁ ሳይዳብስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የታመቀውን ግፊት አስተንፍሶ፣ የተላጠውን ቱቦ ይለውጣል።

ይህ ተግባር ተመልካችም አመስጋኝም የለውም፤ ሳይደርስ የቀረ አደጋ አይታይምና። ሆኖም ባልንጀራን መውደድ በስሜት ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚገለጥ ከሆነ፣ ቱቦውን በወቅቱ የሚለውጥ እጅ ባልንጀራን የመውደድን ትእዛዝ ፈጽሟል።