የጁሙዓ ትጥበትና የልጆች ችፌ



ዛሬ ልጆች ታጥበው ንጹሕ የሚለብሱበት ቀን ነው። ችፌ (ኤግዚማ) ያለበት ልጅ ግን ትጥበቱን ይፈራዋል። በሳሙና ይፈተጋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ማታ የክርኑንና የጉልበቱን መታጠፊያ እስኪደማ ሲያክ ያድራል። እናቱም አብራው ታድራለች።

በመካነ ሰላም ደጋ የበጋው ብርድና ነፋስ ይህን ያብሰዋል። «ዐይን ነው» የሚሉም አሉ። ዐይን መኖሩን አንክድም፤ ሩቅያም ይቀራ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስለ መታከም ሲጠየቁ ታከሙ ብለዋል። ሰበቡን ትቶ ተወኩል ማለት ከየት መጣ?

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ የምትማር ወንድሜ፣ እህቴ፤ ለዕረፍት ቤት ስትገቡ ይህን ለእናታችሁ በእርጋታ አሳዩ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሳሙናው ሽታ የሌለው፣ ያውም ጥቂት። ገላው ሳይፈተግ በጨርቅ ይደባበስና ገና እርጥብ እያለ መላ ሰውነቱ ቫዝሊን ይቀባ። ቁስሉ ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ደህና በመሰለበት ቀንም፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ጥፍሩ ይቆረጥ። ባና በቀጥታ ገላውን አይንካው፤ ከሥር ነጠላ ወይም የጥጥ ልብስ ይግባ። ጥቁር አዝሙድን እንወዳለን፤ ዘይቱን በተላጠ የሕፃን ቆዳ ላይ ማፍሰስ ግን ሊያቃጥለው ይችላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያመው ቦታ ላይ እጅ አኑሮ ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ ማለትን፣ ከዚያም ዱዓ ማድረግን አስተምረዋል። ቫዝሊን የምትቀባው እጅ ይህንኑ ልታደርግ ትችላለች።

ቆዳው ከቀላና ካበጠ ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ያዝዛል። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ቦታ ይሳሳታል፦ አንዱ ፈርቶ በሁለተኛው ቀን ይጥለዋል፤ ሌላው ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ገዝቶ ፊት ላይ ለወራት ይቀባል፣ ቆዳውም ይሳሳል። በታዘዘው ቦታ፣ ስስ አድርጎ፣ ለታዘዘው ቀን ብቻ ነው።

ችፌ አይተላለፍም፤ ልጁን ከጓደኞቹ፣ ከቁርአን ቤትም አታርቁት። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ግን ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አልድን ላለ ደግሞ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለሱ አንድ ቫዝሊን ገዝታችሁ ግቡ።