የመርሳትን ሕመም አስቀድሞ ማወቅ ይገባልን?

ሰው ሁሉ ረጅም ዕድሜን ይለምናል። ነገር ግን ዕድሜው ሲረዝም አእምሮው አብሮት ይዘልቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ካረጁት መካከል አንዳንዶቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲመክሩና ሲመርቁ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይጃጁና የገዛ ልጆቻቸውን ስም ይረሳሉ። የዚህ ልዩነት ምክንያት በከፊል በትውልድ የሚወረስ መሆኑን የዘመናችን ሊቃውንት ስለ ደረሱበት፥ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም ሰው ገና በጤናው ሳለ ይህን ውርሱን ሊያስመረምር ይገባዋልን? የሚል ነው።

ነገሩን በአጭሩ እንግለጽ፤ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። አሎይስ አልዛይመር የሚባል የጀርመን ሐኪም ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የመርሳት ሕመም በ1906 ገለጸ። በ1993 ደግሞ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች አፖኢ የተባለ ዘረ መል ከዚህ ሕመም ጋራ ግንኙነት እንዳለው አስታወቁ። ይህ ዘረ መል በ3 ዐይነት ይገኛል፤ ሰውም አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። ኢ4 የሚባለውን ዐይነት ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ለሕመሙ 3 እጥፍ ያህል የተጋለጠ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የወረሰው ግን ከ8 እጥፍ በላይ ነው። ይህ መጠን በአውሮፓውያን ዘር የተገኘ ሲሆን፥ በአፍሪካ ዘሮች ዘንድ የኢ4 ኀይል ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ደግሞም ኢ4ን ወርሶ ሳይታመም የሚሞት አለ፤ ሳይወርስም የሚታመም አለ። እንግዲህ ውርሱ ስጋት እንጂ ፍርድ አይደለም።

የዘረ መልን ቅርጽ በ1953 ከገለጹት ሊቃውንት አንዱ ጄምስ ዋትሰን፥ በ2007 የራሱ ዘረ መል በሙሉ ተነቦ ሲሰጠው፥ የአፖኢው ክፍል ብቻ እንዳይነገረው ለመነ፤ ሴት አያቱ በዚህ ሕመም ሞተው ነበርና። ይህን ሰው ፈሪ ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ ሕመሙን ፈጽሞ የሚፈውስ መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘምና። ሆኖም ማወቅን የሚመርጠውም አይነቀፍም። ወላጆቻቸው በዚህ ሕመም የተያዙባቸው 162 ሰዎች ተመርምረው በ2009 በታተመው ጥናት፥ ውርሳቸው የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው ይልቅ በጭንቀትና በሐዘን ብዙ ሲጐዱ አልተገኙም።

ስለዚህ ሁለቱም መንገድ የተፈቀደ ነው እንላለን። ነገር ግን ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፊተኛው፥ ውርስ የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ወንድም የራሱን ሲያውቅ የወንድሙን ስጋት በከፊል ያውቃል፤ ስለዚህ ሊሰማ ለማይወደው ወንድሙ በግድ ሊነግረው አይገባም። በአገራችንም ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ትውልድ መቍጠር ልማድ ነው፤ ዝምድናን ለማወቅ የተሠራው ሥርዐት ቤተ ሰብን በሕመም ለመንቀፍ መሣሪያ እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው፥ ከትምክሕት መራቅ ነው። የኢ4 ኀይል ከ70 ዓመት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሕመሙ ግን ከዕድሜ ጋራ እየበዛ ይሄዳል። በካሊፎርንያ 90 ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች የሚመረምረው፥ በ2003 የተጀመረው ጥናት እንዳሳየው፥ ከ90 እስከ 94 ዓመት ካሉት ከ100 ሰዎች 13 ያህሉ በየዓመቱ በመርሳት ሕመም ይያዛሉ፤ 100 ዓመት ከሞላቸው ግን 40 ያህሉ ይያዛሉ። እንግዲህ ኢ4ን አልወረስሁም ብሎ የሚመካ ሰው ዕድሜን ከለመነ፥ ከዕድሜ ጋራ የሚመጣውንም አብሮ ለምኗል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው የዘሩ ጽሕፈት ሳይሆን የሚጦረው ሰው ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን አእምሮው በደከመ ጊዜ እንኳ እንዲታገሠው ያዝዛል። የድካሙን ምክንያት አስቀድመህ መርምር አላለም። ስለዚህ ማንም ሰው ውርሱን ቢያውቅም ባያውቅም ግዴታው አንድ ነው። አእምሮው ሳይደክም ኑዛዜውን ይጻፍ፤ ከተጣላው ጋራ ይታረቅ፤ ልጆቹም ሽማግሌን ማክበር ከእርሱ አይተው እንዲማሩ፥ ዛሬ በቤቱ ያሉትን ሽማግሎች በትዕግሥት ይጡር።