ከተቀመጡ በኋላ የተሰቀለ ማስታወቂያ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሳይፈቀድልህ ከሰው ቤት መግባት ነውር መሆኑን ከእናትህ ተምረሃል። ነገር ግን ነውር የሆነው ሁሉ ወንጀል ነውን? ይህን ባሰብሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ በአሜሪካ፥ በደቡብ ካሮላይና፥ በኮሎምቢያ ከተማ የሆነው ነገር ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሁለት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ከአንድ መድኃኒት ቤት ገብተው ነጮች ብቻ ይመገቡበት ከነበረው ስፍራ ተቀመጡ። በሌላው ክፍል ሱቁ ለጥቁሮችም ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ገንዘባቸው ቀለም የለውምና! መግባት ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ልጆቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ውጡ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ተያዙ፤ ተፈረደባቸውም።

ሕጉ ግን የሚቀጣው አትግባ ተብሎ ሳለ የገባውን ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ እንዳይጐድል ብሎ «መግባት» ማለት ውጣ ከተባሉ በኋላ መቈየትም ነው ሲል ተረጐመው። በ1964 ዓ.ም. በሰኔ ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ ኋላ የተገኘ ትርጓሜ አስቀድሞ የተሠራውን ሥራ ወንጀል ሊያደርገው አይችልም አለ።

እኔ ይህን ጥብቅነት እወደዋለሁ፤ የተከሰሰው የምጠላው ሰው ቢሆንም እንኳ። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፤ ባለ ሱቅ ሰውን ስለ ቆዳው ቀለም ሊያስወጣ ይችላልን? የሚለውን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ በዚያ ቀን አልነካውም። ለእርሱ መልስ የሰጠው ከዐሥር ቀን በኋላ የተፈረመው የሲቪል መብት ሕግ ነው።