የመንገድ መስመርና የአሽከርካሪ ኅሊና



በአንድ እሑድ ጠዋት በቁምስናው ማእከል ቅዳሴ ከፈጸምሁ በኋላ፣ ለሁለተኛ ቅዳሴ ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ጸሎት መኪና እየነዳሁ እሄድ ነበር። ሰዓቱ ስለረፈደብኝ፣ አስፋልቱ መካከሏን አቋርጦ በሚያልፍባት መንደር ስደርስ ፍጥነቴን አልቀነስሁም። አንዲት አረጋዊት እናት ከመንገዱ ዳር እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አየሁና ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ግን «አባ፣ ሰላምታ አይደለም፤ ልጅ እየመለሱ ነው» አሉኝ። ቀሪውን መንገድ በዝምታ ተጓዝን። በወንጌል ቁስለኛውን አይቶ በሌላ ወገን ያለፈው ካህን ከአሳቤ አልጠፋም፤ እርሱ ስንኳ አይቶ ነበር፤ እኔ ግን አላየሁም።

በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የመንገድ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን አሽከርካሪ ለማንቃት የሚጠቀሙባቸው ያልተለመዱ ዘዴዎች አሉ። በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ አቅራቢያ፣ ወደ ኒውብሪጅ አደባባይ በሚያስገባው ፈጣን መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አግድም መስመሮች ተቀብተው ነበር። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ አደባባዩ በተቃረበ መጠን እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነዳው ሰው ፍጥነቱ የጨመረ ይመስለውና እግሩን ወደ ፍሬን ያነሣል። በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ አውራ ጎዳና የሚያልፍባቸው ትንንሽ የገጠር ከተሞችም ተመሳሳይ ምልክቶችን በመግቢያቸው ላይ ሞክረዋል። በአይስላንድ፣ በኢሳፍዮርዱር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመሬት በላይ የተንሳፈፈ የሚመስል የእግረኛ ማቋረጫ ተሥሏል። በካናዳ፣ በዌስት ቫንኩቨር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከዚህ አልፈው በትምህርት ቤት አጠገብ ኳስ ተከትላ ወደ መንገድ የገባች ልጅ የምትመስል ሥዕል አስፋልቱ ላይ አኑረው ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። ቅዱስ አጎስጢኖስ ውሸት ለመልካም ዓላማ እንኳ ቢሆን እንደማይፈቀድ አስተምሯል። እንግዲህ ሕይወትን ለማዳን ብሎ የሰውን ዓይን ማታለል ይገባልን?

መልሱን ለማግኘት ምልክቶቹን መለየት ያስፈልጋል። ለረጅም ሰዓት በፍጥነት የነዳ ሰው ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ጥቂት ዝግ ሲል በጣም ያዘገመ ይመስለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የተታለለው በገዛ ስሜቱ ነው። እየተቀራረቡ የሚሄዱት መስመሮች «በፍጥነት ላይ ነህ» የሚለውን እውነት ለደነዘዘው ስሜት ያሰማሉ እንጂ ሐሰት አይናገሩም። እንቅልፋምን ሰው ትከሻውን ይዞ መቀስቀስ ውሸት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም ውሸት አይደለም። የተንሳፈፈው ማቋረጫም ቢሆን፣ ዓይንን ለጊዜው ቢያሳስትም፣ «እዚህ ሰው ይሻገራል» የሚለው መልእክቱ እውነት ነው።

የተሣለችው ልጅ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አሽከርካሪው በመጀመሪያው ቀን ደንግጦ ይቆማል፤ በሁለተኛው ቀን ሥዕል መሆኗን ያውቃል፤ በዐሥረኛው ቀን ሳይጨነቅ በላይዋ ያልፋል። በዐሥራ አንደኛው ቀን እውነተኛ ልጅ ብትገባስ? «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን ያታለለው እረኛ ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሐሰት መልካም ዓላማ ቢኖረውም፣ ሰው በእውነተኛው ምልክት ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ስለዚህ የቅዱስ አጎስጢኖስ ትምህርት በአስፋልት ላይም ይሠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ በመስመር ወይም በቅጣት ምክንያት ብቻ ፍጥነቱን የቀነሰ ሰው መልካም ሠርቷልን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ስለ ሕግ ሲያስተምር፣ በፍርሃት ከክፉ የተከለከለ ሰው ቀስ በቀስ ልማድ ሲይዝ፣ ቀድሞ ፈርቶ ያደረገውን በኋላ ወድዶ ሊያደርገው እንደሚችል ይገልጻል። መስመሩ እንግዲህ ሞግዚት ነው፤ ሞግዚትም የሚያስፈልገው ሰው እስኪበስል ድረስ ነው።

ሆላንዳዊው የትራፊክ መሐንዲስ ሃንስ ሞንደርማን (1945–2008) በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በድራክተን ከተማ ሥራ በሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱና ምልክቱ እንዲነሣ አደረገ። አሽከርካሪው የሚታዘዘው ምልክት ካጣ የሰውን ፊት ለማየት ይገደዳል ብሎ ያምን ነበር። ይህ አሳብ ለክርስቲያን ጆሮ የቀረበ ነው፤ ባልንጀራችንን መውደድ የሚጀምረው እርሱን ከማየት ነውና። ሆኖም ይህን መሰል አሠራር በብሪታንያ በተስፋፋ ጊዜ ዓይነ ስውራን ተቃወሙ፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ለማይችል ሰው፣ ጠርዝና ማቋረጫ የሌለው መንገድ የሚያስፈራ ሜዳ ነውና። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 አዳዲስ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ለጊዜው እንዲቆሙ ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፣ ፍቅር ሕግን እንደማይሽር ነው። ደካማው ወገን በብርቱው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም ነገሩን እንደ ቀላል አላየችውም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ በሚናገረው ሰነድ ቁጥር 30 ላይ፣ የፍጥነት ወሰንን የሚደነግጉ ሕጎችን የሚንቁትን ይወቅሳል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 በስካር ወይም ፍጥነትን በመውደድ የራሱንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ከባድ በደል እንደሚፈጽም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቫቲካን የወጣው የመንገድ ሐዋርያዊ አገልግሎት መመሪያም ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ትእዛዛት ሲሰጥ፣ ዘጠነኛው በመንገድ ላይ ደካማውን መጠበቅን ያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ሲጨምር የግጭቱ ኃይል የሚጨምረው በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው። ለአሽከርካሪው የተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ለመንደሩ ልጅ የሕይወት ዋጋ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ጉዳይ መኪና ያላቸውን ሰዎች ብቻ አይመለከትም። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን «ሾፌር፣ ረፈደብን፣ ቶሎ በል» የምንል ሁሉ ከበደሉ ተካፋዮች ነን፤ «ቀስ በል፣ መንደር ገብተናል» የሚል ተሳፋሪ ደግሞ የፍቅርን ሥራ ይሠራል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አምስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ስለ ሰይፍ ብቻ ሳይሆን ስለ መሪና ስለ ፍሬንም ተናገሩ። እኛ ካህናትም ለቅዳሴ መቸኮላችን ሰበብ እንደማይሆነን እንወቅ፤ ሕዝቡ ይጠብቀናል፤ የሞተ ልጅ ግን በእኛ መድረስ አይነሣም።

በዚያች መንደር መግቢያ ላይ የተቀባ መስመር አልነበረም፤ ቢኖር በወደድሁ ነበር፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ያስፈልጋልና። ነገር ግን ከመስመር የሚበልጥ ምልክት ተሰጥቶኝ ነበር፤ የአንዲት እናት እጅ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን እጅ በጊዜው የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።