የፓምፑ ሆድ

በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ሲያምፅ ከብሶቶቹ አንዱ የውሃ ፓምፕ መበላሸቱ ነበር። መኮንኖቹ ወታደሩ ከእነሱ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎች የ1966ቱን አብዮት መነሻ ሲተርኩ ይህን ያነሳሉ፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ፓምፑ ነው። ከነገሌ እስከ ያቤሎና ሞያሌ ባለው ቆላ ዛሬም ፓምፕ ሲቆም ሰውም ከብትም ይጨነቃል፤ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል። እንግዲህ የጥገና ሙያን በሆሎግራም፣ አየር ላይ ቆሞ በሚዞር የብርሃን ምስል፣ ማስተማር ይቻላልን?

(ዴኒስ ጋቦር በ1947 እ.ኤ.አ. ያፈለቀውና በ1971 ኖቤል ያሸለመው ሆሎግራም ሌላ ነው፤ ዛሬ በስሙ የሚሸጠው ብዙው የመነጽር ወይም የመስተዋት ነጸብራቅ ብልሃት ነው። ለክርክሬ ግን ልዩነት አያመጣም።)

«እጅ ያልነካው ሙያ አይለመድም» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ቀላልም ነው። መፍቻውን ጣሉ ያለ የለም። የሚከብደው ጥያቄ፣ ምስሉ ተማሪውን ያሳስበዋል ወይስ ያስብለታል የሚለው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ፣ የቴሌቪዥኑን ትምህርት፣ እናስታውስ። ምስሉ ያማረ ነበር፤ ግን አይጠብቅም። ተማሪው ሥዕሉን ገልብጦ ሳይጨርስ ያልፋል፣ መምህሩም ጥግ ይዞ ያያል። ሆሎግራም ይቆማል፣ ይገለበጣል፣ ብሎን በብሎን ይፈታል። በዚህ ከፕላዝማ ይሻላል። ከስንፍና ግን አያድንም።

በዓይን ማሰብ ምን እንደሚመስል እንይ። የቦረና አያንቱዎች፣ ማለትም ዘመን ቆጣሪዎቹ፣ ጨረቃ ከነላሚና ቡሳን ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት ጠብቀው፣ 12 ወራትንና የ27 ቀናትን ስም ያለ ወረቀት ያሰላሉ። ሰማዩ የሚሰጣቸው ጥቂት ነጥቦችን ነው፤ ቅርጹንና ዙሩን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። በዓይን ማሰብ ይህ ከሆነ፣ ያለቀለት ምስል የሚያቀርብ መሣሪያ ሥራውን ከተማሪው ይቀማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ፤ ተማሪው የፓምፑን ሆድ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይሳል፣ ምስሉ ከዚያ በኋላ ይብራ።

ደግሞስ ለፓምፕ ሆድ ይህን ያህል ወጪ ለምን? የተቃጠለ ፓምፕ በመጋዝ ቢሰነጠቅ ያንኑ ያሳያል። መጋዝ የማይሰነጥቀው መሬቱን ነው። ውሃ ሲሳብ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ሾጣጣ ሆኖ ወደ ታች ይሰረጎዳል። ዝቅታው ጉድጓዱ ውስጥ የጠለቀው ፓምፕ ጋ ከደረሰ፣ የሚያበርደውን ውሃ ያጣው ሞተር ይቃጠላል። ጠጋኙ ሞተር ቀይሮ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ግን እታች እንዳለ ነው፣ አዲሱም ይቃጠላል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለዚህ ሾጣጣ ይውጣ። እዚህም ቢሆን ተማሪው የውሃውን መስመር በእጁ አስምሮ፣ ምስሉ ከእሱ መስመር የት ላይ እንደሚለያይ ይፈልግ።