የወደቀ ሰው ተውባው ውሸት ነበርን?

እኔ በምኖርበት ኮዬ ፈጬ፣ ጫትን ለመተው ከሚታገሉ ወንድሞች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፤ «ትቶ የተመለሰ ሰው ተውባው ውሸት ነበርን?»

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሲጋራን በራሳቸው ጥረት ስለሚተዉ ሰዎች ያወጡት ጥናት ለውጥ በደረጃ እንደሚመጣ ያሳያል፡፡ ሰው መጀመሪያ ችግሩን አያይም፤ ቀጥሎ ያመነታል፤ ይተዋል፤ ከዚያም ለመጽናት ይታገላል፡፡ በመሐል መውደቅም የተለመደ ነው፡፡

ይህ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም፡፡ አስካሪ መጠጥ በአንድ ቀን አልተከለከለም፡፡ በሱረቱል በቀራህ (2፡219) ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ በኒሳእ (4፡43) ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በማኢዳህ (5፡90) ፈጽሞ እርም ሆነ፡፡

ይህ ግን ዛሬ ሐራምን «ቀስ በቀስ እተዋለሁ» ለሚል ፈቃድ አይሆንም፡፡ ሕጉ ተሟልቷል፤ ቀስ በቀስ የሚጠነክረው የሰው ጉልበት ነው፡፡ በጫት ብይን ዑለማዎች ቢለያዩም፣ ሶላት የሚያሳልፍና የልጆችን ዳቦ የሚነጥቅ ሱስ አያከራክርም፡፡

ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣን ሰው አንዱ ሲረግመው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት፡፡ ቅጣቱ አልቀረም፤ ወንድምነቱም አልተቋረጠም፡፡

እንግዲህ ከልቡ ተጸጽቶ ላለመመለስ የቆረጠ ሰው ዳግም ቢወድቅ የፊቱ ተውባ ውሸት አይባልም፤ አዲስ ተውባ ግን ይጠበቅበታል፡፡ ከእኛ የሚጠበቀውስ? የበርጫው ሰዓት ከዙህር በኋላ ነው፡፡ ያን ሰዓት ከወንድማችን ጋር እስከ መግሪብ እንቀመጥ፡፡ ወላሁ አዕለም፡፡